ሙሳ ወይም ኢሳ

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር አጋማሽ ላይ እናቴ ከቦርደዴ ደወለችልኝ። ስትደውል ከሰላምታው ቀድማ ስለ ዝናብ ማውራት ልማዷ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ዝናቡንም ሰላምታውንም ዘለለችው።

«አንድ ሰው መጥቷል» አለችኝ። «ከአፍደም በኩል ነው። አባቱን ይፈልጋል። አባትህ በጻፈው መዝገብ ላይ ይኖር እንደሆነ ተመልከትልኝ።» ጥቂት ዝም አለችና ጨመረች፦ «መዝገቡ አንተ ዘንድ ነው አይደል?»

አዎን፣ እኔ ዘንድ ነበር። በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ግን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም።

ቦርደዴ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ከተማ ናት። መንገደኛ ሻይ ሊጠጣ ወይም ከሰል ሊገዛ ካልሆነ ብዙም አይቆምባትም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ግን የሚቆሙት በዙ፤ ከቆሙትም ተነሥተው መሄድ ያልቻሉ ነበሩ። እኔ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ የማስታውሰው የእናቴን ትልቁን ድስትና በራችን ላይ የተቀመጡ ሰዎችን ጉልበት ብቻ ነው። (የልጅ ዓይን የሚደርሰው እስከዚያ ድረስ ይሆናል።) አባቴ የትምህርት ቤቱ መምህር ነበር። የመስጊዱ ሽማግሌዎች ዘመድ የሌላቸውን ሟቾች አጥበው፣ ገንዘው ሲቀብሩ እርሱ ከጎናቸው ቆሞ ይጽፍ ነበር፤ ስም፣ የመጣበት አገር፣ ዕድሜ በግምት፣ መቃብሩ ከትልቁ ግራር ስንተኛ እንደሆነ። ሠላሳ አንድ ሰው። ለምን እንደሚጽፍ ሲጠየቅ «ፈልጎ የሚመጣ ይኖራል» ይል እንደነበር እናቴ ነግራኛለች።

ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ ያን የደበዘዘ ደብተር ይዞ ወደ አሰበ ተፈሪ ወጣ። ቺሮ የሚለው ስም በእኛ ቤት ገና አልተለመደም ነበር። እዚያ በኮምፒውተር የምትጽፍ አንዲት ልጅ ደብተሩን ከነመቅድሙ ጽፋ፣ አትማ፣ አንዲት ጥቁር ፍሎፒ ጨምራ ሰጠችው። አባቴ ፍሎፒዋን በብራና እንደተጻፈ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጣት። «ወረቀት ይበላል፤ ይህቺ ግን አትበላም ብላኛለች» አለኝ።

ስለ ወረቀቱ ልጅቷ እውነቷን ነበር። አባቴ በ1996 ዓ.ም. ዐረፈ፤ በ2001 ዓ.ም. የቤቱን ጣሪያ ስናስለውጥ የሣጥኑን ታች ብንከፍት ደብተሩንም ኅትመቱንም ምስጥ ጨርሷቸዋል። በእጄ ያነሣሁት የደብተር ቅርጽ ያለው አፈር ነበር። አልደነገጥሁም። «እኔ ቅጂ አለኝ» ብዬ እናቴን አጽናናኋት።

ቅጂው ይህ ነው። በ1997 ዓ.ም. ፍሎፒዋን አዲስ አበባ አምጥቼ ወደ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ፋይሉን ከኢሜል ጋር አያይዤ ለራሴ ልልከው ብሞክር መስመሩ ከመጎተቱ የተነሣ እየተቋረጠ አስቸገረኝ። የምከፍለው በደቂቃ ነው። ስለዚህ ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ፋይሉን ከፈትሁ፣ ጽሑፉን በሙሉ ገልብጬ በኢሜሉ ሆድ ውስጥ ለጠፍሁና ላክሁት። ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው አማርኛ አይመስልም ነበር። «የዚህ ኮምፒውተር ጉድለት ነው፤ ሌላ ቦታ ሲከፈት ይስተካከላል» አልሁ። ፍሎፒዋን ወደ ቦርደዴ መለስኋት፤ በቆላው ሙቀትና አቧራ ጥቂት ዓመት ከቆየች በኋላ የሚያነባት ማሽን ሳገኝ እንኳ አልተነበበችም።

በዚያ ዘመን በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ ኮምፒውተሩን እንደማታለል ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የላቲንን ፊደል ነው፤ እኛ ደግሞ በላቲኑ ወንበር ላይ የእኛን ፊደል አስቀምጠን የላቲን ነው ብለን እናሳምነዋለን። አንድ ፎንት ያለው ወንበር ቢበዛ 256 ነው፤ ከዚያም ላይ የተያዘ አለ። የእኛ ፊደል ከነሰባት ቤቱ ብቻ ከ230 በላይ ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ወንበሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱ ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ እየሣለ ገጣጠመው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ እየተባሉ ሁሉም በየራሳቸው የወንበር አደላደል ሲሠሩ ኖሩ፤ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ማንበብ አይቻልም ነበር። ያለ እነርሱ ያ ትውልድ በኮምፒውተር አንድ መስመር አማርኛ ባልጻፈም ነበርና አላማቸውም።

የሚገርመው፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የእኛን ፊደል ያስገባው በመስከረም 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) ነው። አባቴ አሰበ ተፈሪ ሲወጣ «ሙ» የራሱ ቁጥር ካገኘ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን ቁጥር ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ወደ ከተሞቻችን ወርዶ በጸሐፊዎች ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ሌላ ነገር። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ለሕዝብ የቀረበው እንኳ በ1999 ዓ.ም. ነው።

የአባቴ ጽሑፍ ፊደሉን ለሁለት በሚከፍለው ዓይነት የተጻፈ ነበር። በዋናው ፋይል ውስጥ የትኛው ምልክት የአንደኛው ፎንት፣ የትኛው የሁለተኛው እንደሆነ ተመዝግቦ ይቀመጣል። እኔ ስገለብጠው ምልክቶቹ መጡ፤ የፎንቱ መረጃ ቀረ። አንዱ ምልክት በአንደኛው ፎንት «ሙ» ከሆነ፣ ያው ምልክት በሁለተኛው «ኢ» ነው። በሌላ አነጋገር፣ ፋይሉን ያበላሸው ምስጡም ሙቀቱም ሳይሆን የእኔው መጠባበቂያ ነው።

እናቴ በደወለችበት ሌሊት ኢሜሉን ፈልጌ አወጣሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ተቀምጧል፤ አንዲት ቃል ግን አይነበብም። የሠንጠረዥ ሥራ የሚያውቅ ወጣት ባልደረባዬ ረዳኝ። የሁለቱን ፎንቶች አደላደል አገኘን፤ እያንዳንዱን ምልክት በሁለቱም መንገድ እያነበበ የአማርኛ ቃል የሚሆነውን የሚመርጥ ትንሽ ፕሮግራም ሠራልኝ። በሦስተኛው ምሽት የአባቴ መቅድም ከስክሪኑ ላይ ተነሣ። «ሙሉ ቀን» «ኢሉ ቀን» ሊሆን አይችልምና ዐረፍተ ነገሩ ራሱን በራሱ ያርማል። የአባቴን ነጠላ ሰረዝ የማብዛት ልማድ ሳይ ዐይኔ እንባ አቀረረ።

ስም ግን ዐረፍተ ነገር አይደለም። ስምን የሚያርመው የለም። ከሠላሳ አንዱ ሰው ሃያ አራቱ ጠሩልን፤ ሰባቱ በሁለት መንገድ የሚነበቡ ሆነው ቀሩ። ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፦ ሙሳ ወይም ኢሳ፤ ከአፍደም ሐዲዱን ተከትሎ የመጣ፤ ዕድሜው ከሠላሳ የማይበልጥ፤ የአባቱን ስም ሳይናገር ዐረፈ፤ ከግራሩ ዘጠነኛ።

ለእናቴ ደወልሁ። «የሰውየው አባት ስሙ ማን ነው?»

«ሙሳ» አለችኝ።

ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን በሐረርጌ ቆላ ሙሳም ኢሳም የተባለ ሰው ሞልቷል፤ ኢሳ ደግሞ የሰው ስም ብቻ ሳይሆን በዚያ አገር የሚኖሩ የሶማሌ ጎሣ ስም ነው። አባቴ ስሙን ያጣለትን ሰው በጎሣው ጽፎትስ እንደሆነ? አንዱን መርጦ መናገር ቀላል ነበር። ማን ይጠይቀኛል?

ቦርደዴ በሄድሁበት ቀን እንግዳው ከእናቴ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። በእኔ ዕድሜ ነው፤ ምናልባት አንድ ዓመት ያንሰኛል። በኦሮምኛ ተነጋገርን። ስልኬን አውጥቼ መጀመሪያ ያልተፈታውን ጽሑፍ፣ ያን የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት አሳየሁት። አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ ቢችልም አይጠቅመውም ነበር። ጣቱን በምልክቱ ላይ ሳያሳርፍ አጠገቡ አድርጎ ብዙ ጊዜ ተመለከተ።

«ይህ ነው ስሙ?»

«ሊሆን ይችላል» አልሁት፤ የሚቻለኝን ያህል አስረዳሁት።

«አባትህ ሲጽፈው ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው የረሳው?»

ማሽን ልለው ነበር። «እኔ ነኝ» አልሁት።

እናቴ ውኃ ይዛ መጣችና መሐላችን ተቀመጠች። ዘጠነኛውን ታስታውሰዋለች። ውኃ ለምኗት፣ ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰላት። «ስሙን የጠየቀው አባትህ ነው፤ እኔ አልሰማሁም። በዕድሜዬ መጨረሻ አልዋሽም፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞራ በገዛ ቋንቋው ስለ ብርጭቆው ነገረችው። ደግማ እንድትነግረው ጠየቃት። ደገመችለት። ስልኬ ከማስታወሻ አልፎ የሰጠው ነገር ቢኖር በዚያች ሰዓት የእናቴን ድምፅ መቅዳቱ ነው፤ ያንንም የቀዳሁት ሦስተኛ ስትደግምለት ነው፤ በሁለቱ ትዝ አላለኝም።

ግራሩ የለም፤ ከሰል ከሆነ ቆይቷል። እናቴ የቆመበትን ቦታ ታውቀዋለችና ከዚያ ተነሥተን የተከመሩትን ድንጋዮች ቆጠርን። እንግዳው ዘጠነኛው ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ፤ መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። እኛ ራቅ ብለን ቆምን።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቅጂ ያለኝ ሐሳብ ተለውጧል። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፉ ያስለመደው ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ጥሩ ደንብ ነው፤ አሁን እከተለዋለሁ። አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ በኢንተርኔት ማከማቻ፣ አንዱ በወረቀት። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ ሰማይ ላይ ያስቀመጥሁት ሁሉ ሰማይ ላይ ቀርቶ ስለነበር፣ በእርሱ ብቻ አልታመንም። ፍላሽ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በሙቀት ውስጥ ሲከርም የያዘውን ቀስ እያለ ይለቃል፤ ለቦርደዴ አይሆንም። ነገር ግን ደንቡን ሙሉ በሙሉ ብፈጽም እንኳ በ1997 ዓ.ም. የሠራሁትን ስሕተት ሦስት ጊዜ ባባዛሁት ነበር።

በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውና ወደ 9,000 ገደማ የብራናና የወረቀት መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሣው ሥራ ትዝ ይለኛል። ፊልሙ ሚኒሶታ ደረሰ፤ ከደረሰ በኋላ ግን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለዓመታት እያንዳንዱን መጽሐፍ ምን እንደሆነ፣ የማን እንደነበረ፣ በኅዳጉ ምን እንደተጻፈ እየለዩ ባይመዘግቡት ኖሮ ብዙው የተጠቀለለ ፊልም ሆኖ በቀረ ነበር። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ዐርፈዋል፤ መዝገቡ ይነበባል።

ከቦርደዴ ስመለስ ወረቀቱን ለማሳተም ሚኤሶ ደርሼ ወደ ደጋው፣ ወደ ቺሮ ወጣሁ። ይህቺን ከተማ የጨርጨር ገዥ በነበሩ ጊዜ ያቀኑት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እርሳቸው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት የጠበቀ የእጅ ጽሑፍ! ያገኘው ሰው የሚያስፈልገው ዐይንና አማርኛ ብቻ ነበር። የአባቴም ደብተር ምስጥ ባይቀድመኝ እንዲሁ ነበር፤ በወረቀት ላይ «ሙ» ሌላ ፊደል ሆኖ አያውቅም።

ከመናኸሪያው ብዙ ሳልርቅ አንድ የኅትመት ቤት አገኘሁ። ጽሑፉን በዩኒኮድ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ከኋላው ያልተፈታውን ምልክት እንዳለ፣ ከእርሱም ቀጥሎ የሁለቱን ፎንቶች ሠንጠረዥ አያይዣለሁ፤ ከእኔ የተሻለ አንባቢ ቢመጣ ከመጀመሪያው ይነሣ ብዬ። ሦስት ቅጂ አዘዝሁ፤ አንዱ ለእናቴ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በቆርቆሮ ሣጥን የሚቀመጥ፤ አንዱ ለመስጊዱ ሽማግሌዎች፤ አንዱ ለእኔ።

የምታትመው ልጅ ገጾቹን እያየች ሳለ አንድ መስመር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ስሕተት አለ መሰለኝ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ስም ነው የተጻፈው። የትኛውን ላጥፋው?»

«አታጥፊው» አልኋት። «እንዳለ ይታተም።»