የቡሄ ዕለት ዕረፍት

የ2012 ዓ.ም. ክረምት እንደ ሌላው ክረምት አልነበረም። የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ተነግሮ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተደርጎ ነበርና፣ እኛም ጠመኔ ከጨበጥን አምስት ወር አልፎን ነበር። ይሁን እንጂ ዕረፍት አላገኘንም፤ ለተማሪዎች የሚላከውን ጥያቄ ስናዘጋጅና በስልክ ስናስረዳ ውለን እናመሽ ነበር።

ነሐሴ 13 ቀን፣ ረቡዕ፣ የደብረ ታቦር በዓል ዋለ። ተራርቀን ቆመን አስቀድሰን ከተመለስን በኋላ ስልኩን ዘጋንና ከቤተ ሰባችን ጋር ተቀመጥን። ዝናሙ ቆርቆሮውን ይመታል፤ ቡናው ይፈላል፤ የሚጠራን የለም። እንዲህ ያለውን ጸጥታ ከቆሎ ተማሪነታችን ወዲህ አላየነውም ብንል ማጋነን አይሆንም። እውነቱን እንናገርና፣ ደስ አለን። ነገር ግን ስንቱ የቀን ሠራተኛ ሥራ አጥቶ፣ ስንቱም ታሞ አልጋ ይዞ ሳለ እኛ ደስ መሰኘታችን ኅሊናችንን ሳይነካው አልቀረም።

የቤታችን እመቤት እንደ ልማዷ ሙልሙል ጋግራ ነበር። ሆኖም የሰፈሩ ልጆች በትራቸውን ይዘው ወደ በራችን አልመጡም፤ ወላጆቻቸው በሽታውን ፈርተው ከልክለዋቸዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን መሶቡን አየና፣ «አባባ፣ እኔ ብቻዬን ልጨፍርላችሁ?» አለን። ከደጅ ወጥቶ፣ በትሩን መሬት እየመታ ሲጀምር እኅቱ ከውስጥ ተቀበለችው። ግጥሙ ግን እኩሌታው ላይ ሲደርስ ዝም አለ፤ የቀረውን አያውቀውም።

ያን ጊዜ ኀፍረት ያዘን። ሃያ ዓመት የሰው ልጆችን ስናስተምር፣ ከአባታችን የተቀበልነውን የበዓሉን ዜማ ለገዛ ልጃችን አላስተማርነውም ነበር። ተነሥተን ከጎኑ ቆምንና ከመጀመሪያው ጀመርን።

ሲመሻሽ ከሙልሙሉ ከፍለን ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ላክን። ልጁ ከደጃፋቸው አስቀምጦ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ጨፈረላቸው። እርሳቸውም በመስኮት ሆነው፣ «እደግ ልጄ፣ ከዓመት ዓመት ያድርስህ» ብለው መረቁት። በዚህ ጊዜ ዜማውን እስከ መጨረሻው አድርሶት ነበር።

ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ሥራው እንደ ቀድሞው እንደ ዋጠን አንሸሽግም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የቡሄን ዕለት ስልካችንን ዘግተን ከልጆቻችን ጋር እንውላለን፤ በዕረፍት ቀን የተረሳ ዕዳ እንደሚታይ ያ ክረምት አስተምሮናልና።

የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ያለው ልጅስ ዜማውን እስከ መጨረሻው ያውቀዋልን?