ቢሮ ለመክፈት የግድ ቦሌ?

«የቴክኖሎጂ ኩባንያ ልንከፍት ነው» የሚሉ ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠሩት ሰፈር ቦሌን ነው። ምነው ሲባሉ «ሰዉ ሁሉ እዚያ ነዋ!» ይላሉ። እኔና አብሮኝ የተማረው ጓደኛዬም የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው። የጭነት መኪና ባለንብረቶችንና ዕቃ አስጫኞችን በስልክ የሚያገናኝ አፕሊኬሽን እየሠራን ነው። ገንዘባችን የሁለታችን ቁጠባ ብቻ ናት። እሱ ቦሌ አለ፤ እኔ ገላን ኮንዶሚኒየም አልኩ። «አንቺ ደግሞ! ገላን ምን አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። ምን እንዳለ ለማየት አንድ ቅዳሜ አብረን ሄድን።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የከተማ ባቡር ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያው ታክሲ ነው። መንገዱ ግን ራሱ ይናገራል። ባለ ተሳቢው፣ ሲኖትራኩ፣ ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ… የጉምሩኩ መሥሪያ ቤት ቃሊቲ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድም የሚነሳው ከዚሁ አቅጣጫ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ዕቃ በዚህ በር ይገባል። ሻይ የምንጠጣበት ቤት ያገኘነው አንድ ሹፌር «ጭነት ፍለጋ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ፤ ሲገኝም ደላላው ድርሻውን ያነሳል» አለን። ጓደኛዬ ዝም አለ። ቦሌ ካፌ ቁጭ ብለን ይህን ሰውዬ የት እናገኘው ነበር?

እሱም ግን ዝም ብሎ አልተሸነፈም። «መብራት ሲጠፋስ? ባለሙያ ስንቀጥር ማን እዚህ ድረስ ይመጣል? ገንዘብ ያላቸው ሰዎችስ?» አለ። እውነቱን ነው። ደንበኛችሁ ባንክ ወይም ኤምባሲ ከሆነ ገላን አትምጡ። በሌላ በኩል ደግሞ ስካይፕ የተሠራው በትንሿ አገር በኢስቶኒያ፣ ታሊን በምትባል ከተማ ነው። ሥራው ካለ ሰፈሩ ብቻውን አያስቀርም።

ለማንኛውም ቤት ከመያዛችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ። ኔትወርኩን በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም ሞክሩት፤ ግቢው ውስጥ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ በሚገባበት ማታ። የመብራትና የውኃውን ነገር ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ። ቤቱ ለንግድ ፈቃድ አድራሻ ይሆን እንደሆነ ቀብድ ሳትከፍሉ ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አጣሩ። በመጨረሻም ማታ 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ተሰልፋችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። ሠራተኞቻችሁ በየቀኑ የሚያዩት እሱን ነውና!

እኛ ተስማምተናል። ሦስት ወር ገላን አንድ ክፍል ይዘን እንሠራለን፤ ስብሰባ ሲኖር ቦሌ ብቅ እንላለን። በሦስት ወር ውስጥ ሃምሳ ሹፌሮች ካልተመዘገቡልን ቦታውን እንደገና እንነጋገርበታለን። እስቲ እናንተም ካርታ ዘርግታችሁ፣ ደንበኛችሁ ጠዋት የት እንደሚውል ምልክት አድርጉ። ቤት ፍለጋውን ከዚያ ጀምሩ።