ትልቁ ቁጥር

የእህቴ ልጅ ጭሮ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። እናቱ ጫት ሸጣ ያጠራቀመችውን ሰጥታው አርቲኤክስ 3060 የተባለ ግራፊክስ ካርድ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮ ማውጣት ሲጀምር ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። የሙሽሪት አባት በየቀኑ ይደውላሉ። እኛም «መብራቱ ነው» ብለን ፈረድን፤ እዚህ አገር ለዚህ ፍርድ ምስክር አይጠየቅም። ግን እኮ ኮምፒውተሩ የሚጠፋው አምፖሉ በርቶ ነው!

አንድ ጠጋኝ ፓወር ሰፕላዩን ፈቶ አወጣና፣ «ጋሼ፣ ትልቁን ቁጥር ይተዉትና ትንንሹን ያንብቡ» አለኝ። በትልቁ «500 ዋት» ይላል። ከሥሩ ግን የ12 ቮልቱ መስመር 16 አምፔር ብቻ ነው፤ ሲባዛ 192 ዋት። ካርዱ ብቻውን እስከ 170 ዋት ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ምን ይቅመስ? አምራቹ ለካርዱ የሚመክረው 550 ዋት ነው፤ እሱም የምር 550 ሲሆን። በትልቁ ተጽፎበት ሥራ ሲመጣ ድርግም የሚል ሰውስ ስንት አለ!

እህቴ እንደገና ገንዘብ ስትጠየቅ ተቆጣች። «ካርዱስ ሥዕል ያሳያል፤ ይሄ ደግሞ ምን ያሳያል?»

«ምንም። እንደ አንቺ ነው፤ ሳይታይ ይሸከማል» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ መቀነቷን ፈታች።