ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? ሲናና ላይ ላላችሁ

ሰሞኑን ከባሌ፣ ከሮቤም ከጎባም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» ጠያቂዎቹ የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ነርሶች ናቸው። ለሁሉም በየተራ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ብር። ለደመወዝ ብሎ የለቀቀን ሰው «ገንዘብ ወዳድ» የሚል ወቀሳ አይጥመኝም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ጀምሮ፣ ኑሮው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ጭማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ ቤት ኪራይ ከፍሎ እናቱን የሚጦር ሰው ግን አሁንም አልበቃኝም ቢል እውነቱን ነው። ቤተሰቡን ለማኖር የሄደ ማንንም አልከዳም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙዎቻችን የምንወስነው በተናደድንበት ቀን ነው። አበል ዘገየ፣ መስክ መውጫ መኪና ጠፋ፣ አለቃ ስብሰባ ላይ ሰው ፊት ተቆጣ፤ ማታውኑ መልቀቂያ ይጻፋል። ሲናና ላይ ደግሞ ሥራ በቀን አይለካም። ባሌ በዓመት ሁለቴ ያመርታል፤ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ «ገና» በሚባለው ወቅት፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ደግሞ «ቦና» በሚባለው። እንዲያም ሆኖ አንድ የስንዴ ዝርያ ከማዳቀል ተነሥቶ ገበሬው እጅ እስኪገባ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ዲጋሉን አስታውሱ። በ1997 ዓ.ም. የተለቀቀ የስንዴ ዝርያ ነው። በ2003 መግቢያ ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን ዝርያዎች ሲያወድም ብዙ ገበሬ ወደ እሱ ዞረ። ቢጫ ዋግን ስለቻለ ማሳው ሁሉ ዲጋሉ ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ መጣና ባሌና አርሲ ላይ ያንኑ ዲጋሉን ጠራርጎ ወሰደው። አገዳውን በጣት ስታሹት የጡብ ቀለም ያለው ብናኝ እጅ ላይ ይቀራል፤ ዛላው ቆሞ ይታያል፣ ውስጡ ግን የሰለለ ፍሬ ነው። በዚያው ሰሞን ሰናቴና ማንዶዩ የተባሉ ዝርያዎች ከሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ወጡ። ያን ጊዜ የተጀመሩ አይደሉም። ማንም ስማቸውን ሳያውቅ፣ ዓመት ከዓመት በየመደቡ እየዞሩ የዋጉን መጠን በደብተር የመዘገቡ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሼ የምጠይቀው ይህን ነው፦ እጅህ ላይ በትዕግሥት ካልሆነ የማያልቅ ሥራ አለ? ካለ፣ መሥሪያ ቤትህ እንድትጨርሰው ያስችልሃል? ሁለቱም መልስ አዎ ከሆነ፣ ደመወዙ ጎዶሎ ቢሆንም ቆይ ባይ ነኝ። ሥራው ኖሮ መሥሪያው ከሌለ፣ ማለትም ሙከራው በወረቀት ብቻ ካለ፣ በጀቱ ዘር ከተዘራ በኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ሁለትና ሦስት ወቅት ጠብቀህም ካልተለወጠ፣ ሂድ። እዚያ መቆየት ዕድሜን ማባከን ነው። «አገሬን ጥዬ» እያልክ ራስህን አታሠቃይ።

የሲናና ገበሬ አዲስ ዘር ሲሰጠው ማሳውን ሁሉ አይዘራውም፤ ዳር ላይ ትንሽ ይሞክራል። አንተም የዓመት ፈቃድህን ወስደህ አዲሱ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ድረስ ሂድ፣ ከዚያ የለቀቁትን አነጋግር፣ ኪራዩንና ትራንስፖርቱን ደምር። በስልክ የተነገረህ ደመወዝ ሮቤ ሆነህ ሲሰማ ብዙ ነው፤ አዲስ አበባ ገብተህ የቤት ኪራይ ስትከፍል ሌላ ነው። በመንግሥት ወጪ ከተማርክ ደግሞ የፈረምከውን የአገልግሎት ግዴታ አውጥተህ አንብብ፤ ዋስ የሆነልህ ሰው እንዳይጠየቅብህ።

መሄዱ ከተቆረጠ ደግሞ በወቅቱ መካከል አትሂድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011፣ የመንግሥት ሠራተኛን ባይመለከትም፣ ከሚለቅ ሠራተኛ የሚፈልገው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ለፋብሪካ ይበቃ ይሆናል። ነሐሴ የተዘራ ሙከራ ግን ታኅሣሥ ነው የሚታጨደው፤ ጥቅምት ላይ የሄደ ሰው የዚያን ወቅት መረጃ ይዞት ይሄዳል። የመደብ ቁጥሩ ከዝርያው ስም ጋር የሚገናኘው አንዳንዴ በአንድ ሰው ደብተር ላይ ብቻ ነው። ያ ደብተር በሻንጣ ገብቶ ከሄደ የዓመታት ልፋት አብሮ ይሄዳል። ይህ ለተመራማሪ ብቻ አይደለም፤ ክትትል ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ያላት አዋላጅም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክር መምህርም ያው ነው።

ለአለቆችም አንድ ቃል አለኝ። የሚለቅን ሰው በክሊራንስ አታመላልሱት፤ የሥራ ልምዱን ጽፋችሁ ስጡት። እናንተ የምትለቁ ደግሞ መልቀቂያውን ከማስገባታችሁ በፊት ደብተራችሁን ለማን እንደምታስረክቡ ወስኑ፤ ከዚያ ሰው ጋርም ማሳውን አንድ ጊዜ አብራችሁ ዙሩት።