ገብሱን እንጂ ሰማዩን አልጠበቅንም

በልጅነቴ ኅዳር ሲገባ ሌሊቱን በሰሜን ተራሮች፣ ከጨነቅ በታች፣ በገብስ ማሳችን ዳር ነበር የማሳልፈው። ቀን ጭላዳ፣ ሌሊት ጃርት እህሉን እንዳይፈጀው፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ ደበሎ ለሁለት ለብሰን እንጠብቃለን። ገደሉ ወደ ሰሜን ክፍት ነው። ከአፋፉ በላይ የሰሜን ኮከብ ዝቅ ብላ ትታያለች፤ ሌሎቹ ሲዞሩ እሷ ንቅንቅ አትልም።

ዘንድሮ ደባርቅ ስሄድ፣ ፊዚክስ የምትማረው የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ከፍታ አሳየችኝ። ሃዋይ፣ ሃሌአካላ ተራራ ላይ ባለ 2 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ አለ፤ አጠገቡ ሰው አይቆምም። የሚፈለገውን ኮከብ፣ ማጣሪያውንና የፎቶውን ሰኮንድ በኢንተርኔት ሲሞሉለት ወረፋ ያስይዛል፤ ተራው ደርሶ ሰማዩ ሲጠራ ራሱ ዞሮ ያነሣል። ደባርቅ ረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ የትናንቱ ምሽት 3 ሰዓት ነው። ደባርቅ ያሉት ተማሪዎች በጠራራ ፀሐይ የሌሊት ሰማይ ይማራሉ።

«ተራራው ምን ያህል ከፍ ይላል?»

«3,055 ሜትር።»

ጨነቅ 3,620 ነው። ሳቄ መጣ።

የቤት ሥራዋ ብርሃኑ የሚጨምርና የሚቀንስ ኮከብ መከታተል ነው፤ ሴፌይድ ይሉታል። ዑደቱ በረዘመ ቁጥር ኮከቡ በተፈጥሮው ይደምቃል፤ ከዚያ ተነሥታ ርቀቱን ታሰላለች።

«ድሮ እኮ እኛ ያለ መሣሪያ…» ብዬ ልጀምር ስል፣

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ለሴፌይዶች ስም ያወጣላቸው ኮከብ በዓይን ይታያል። በየ5 ቀን ከ9 ሰዓቱ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። በ1784 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ጆን ጉድሪክ መስማት የተሳነው የ20 ዓመት ወጣት ነበር። በዓይኑ ከአጠገቡ ካሉት ጋር እያስተያየ ነው ያወቀው። ኅዳር ላይ ማታ በሰሜን በኩል ነው። እናንተ አላያችሁትም?»

ስንት ኅዳር ፊት ለፊቱ ተጋድመናል! ዓይናችን ግን ጃርቱ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ጨነቅ ወጣን። «በይ አሳይኝ» አልኋት። አንጋጣ ብዙ ፈለገች፤ ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። «ቦታውን በቁጥር ነው የማውቀው» አለች። የሰሜን ኮከብን አሳየኋት፤ ከዚያ እሷ በቃሏ እየለካች፣ እኔ በጣቴ እየጠቆምሁ፣ ይህ ሳይሆን አይቀርም ያልነው ላይ ደረስን።

ለማረጋገጥ አምስት ስድስት ማታ ማየት ያስፈልጋል ተባባልን። እኔ በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርሁ።