የማነጣጠሪያው ቍጥርና የዓይን ልክ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ሲደርስባት የተቈረቈረች ከተማ እንደ ሆነች የታወቀ ነው። በዚያ መንገድ ከጨርቅና ከሌላው ሸቀጥ ጋራ የጦር መሣሪያም ይገባ ስለ ነበር፥ በአንዳንድ አሮጌ ቤት ውስጥ አውሮፓውያን ይዘውት የጣሉት ጠመንጃ ዛሬም የአባት መታሰቢያ ሆኖ ይታያል። በእኅቴም ቤት ሦስት እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች በፈቃድ ተይዘው ይገኛሉ፤ እነርሱም ውጅግራ፥ የኢጣልያው ካርካኖና ቤልጅግ ናቸው። ለቤተ ክህነት ሰው መተኰስ ሥራው ባይሆንም፥ የተሠሩበትን ልክ ማንበብና ማመዛዘን አይከለከልምና ማነጣጠሪያቸውን ጐን ለጐን አድርጌ መርምሬአለሁ።

ውጅግራ የሚለው ስም ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» ከሚሉት የመጣ ነው፤ ፊዚ ጠመንጃ ማለት ሲሆን ግራ የሠሪው መኰንን ስም ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 የወጣ፥ 11 ሚሊሜትር አፍ ያለው፥ ጥቍር ባሩድ የሚበላ፥ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ ነው። ፈረንሳይ በ1886 ለቤል የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ በያዘች ጊዜ አሮጌው ወደ ውጭ ገበያ ወጥቶ ወደ እኛ አገር በብዛት ገባ። ጥይቱ ከባድና ዝግ ያለ ስለ ሆነ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ የኋላ ማነጣጠሪያው እንደ ትንሽ መሰላል ይቆማል፥ በላዩም የሚንሸራተት ብረት አለ። ርቀቱ በጨመረ መጠን ብረቱን ከፍ ያደርጓል፤ ልኩም ከሺህ ሜትር በላይ ይሄዳል።

በ1891 የወጣው ካርካኖ አፉ 6.5 ሚሊሜትር፥ ጥይቱም ፈጣን ነው። ማነጣጠሪያው ወደ ፊት ሲገለበጥ ለ300 ሜትር ይሆናል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን እስከ 2000 ሜትር ይደርሳል። ቤልጅግ የተባለው ማውዘርም በጐበጠ ብረት ላይ በሚንሸራተት ማስተካከያ እስከ 2000 ሜትር ይለካል። እንግዲህ በቍጥር ብቻ የተመለከተ ሰው ሁለቱ ጠመንጃዎች ሰውን ከ2000 ሜትር ይመታሉ ብሎ ያምናል።

ነገር ግን ቍጥሩ ለአንድ ተኳሽ የተጻፈ አልነበረም። በዚያ ዘመን መኰንኖች ብዙ ወታደር ባንድ ቃል አዝዘው በሩቅ ወደ ተሰበሰበ ሠራዊት ጥይት ያዘንቡ ስለ ነበር፥ ማነጣጠሪያውም የተሠራው ለዚያ ነው። ኋላ ግን የጦር ዐዋቂዎች ራሳቸው ቍጥሩን ቀነሱት። ኢጣልያ በ1938 ባወጣችው አጭር ካርካኖ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ማነጣጠሪያ አስወግዳ ለ200 ሜትር የተወሰነ አንድ ስንጥቅ ብቻ አስቀረች።

ከዚህም ሌላ የዓይን ነገር አለ። ተኳሽ ሦስት ነገር ባንድነት ሊያይ ይፈልጋል፤ በቅርብ ያለውን ስንጥቅ፥ ከአፈሙዙ ላይ የቆመችውን ጕጥ፥ በሩቅ ያለውን ዒላማ። የሰው ዓይን ግን ባንድ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ብቻ አጥርቶ ያያል። ዕድሜዬ ከአምሳ ካለፈ ወዲህ የመጽሐፉ ፊደል እንደሚደበዝዝብኝ፥ የኋላው ስንጥቅም ጢስ መስሎ ይታየኛል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የያዘው ኤም 1 የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ በስንጥቅ ፈንታ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ሲመለከቱ ዓይን ሳያስብ መካከሉን ይይዛል፥ ሐሳብም ሁሉ ለጕጧና ለዒላማው ይተርፋል።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገኝ የእኅቴ ልጅ ነው። አያታችን በ1928 ዓ.ም. በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ሥር ወደ ኦጋዴን ዘምተው ነበር። ልጁ የመታሰቢያ ጽሑፍ አዘጋጅቶ «በውጅግራው ጠላትን ከሺህ ሜትር ይጥል የነበረ» የሚል ቃል ጨመረና እንዳርመው ሰጠኝ። ይህ ቃል በቤታችን በሰርግና በተዝካር ሁሉ ሲነገር የኖረ ነው።

እኔም ወረቀት ላይ አሰላሁለት። ጕጧ ሁለት ሚሊሜትር ስፋት ኖሯት ከዓይን አንድ ሜትር ብትርቅ፥ በሺህ ሜትር ላይ የሁለት ሜትር ስፋት ትሸፍናለች፤ ሰውዬው ከጕጧ በስተኋላ ጨርሶ ይጠፋል ማለት ነው። የውጅግራው ጥይት ያን ያህል መንገድ ለመሄድ ከሦስት ሰከንድ ያላነሰ ይፈጅበታል፤ ርቀቱን በ50 ሜትር የሳተ ሰውም ወይ ከራስ በላይ ወይ ከእግር በታች ይተኵሳል። የኦጋዴን የቀትር ሐሩር ደግሞ ምድሩን እንደ ውኃ ያንቀሳቅሰዋል።

ልጁ አዝኖ «እንግዲህ ጀግንነቱን ወሰዱበት» አለኝ። እኔ ግን እናቴ ከራሳቸው አፍ የሰማችውን ነገርኩት። «የሰውየውን ፊት ከባርኔጣው እስክለይ ድረስ ጠበቅሁ» ይሉ ነበር። ፊት ከባርኔጣ የሚለየው በቅርብ ነው። በፊታቸው የነበረው ወታደር ስድስት ጥይት ባንድ ጊዜ የሚጐርስ ካርካኖ ይዟል፤ እርሳቸው አንዲት ጥይት ተኵሰው ጢሱ ስፍራቸውን እየገለጠባቸው ሁለተኛዋን በእጃቸው ያጐርሳሉ። ከሺህ ሜትር የተኰሰ ሰው ለማምለጥ ጊዜ አለው፤ ያን ያህል የቀረበ ግን የለውም። ልጁም ብዙ ካሰበ በኋላ የሺሁን ቍጥር ሰርዞ የአያታችንን ቃል ጻፈ።

በቅኔ ቤት ማጋነን ነውር አይደለም፤ ሰሚው ቅኔ መሆኑን ያውቃልና። የመታሰቢያ ጽሑፍ ግን ምስክርነት ነው፤ ሐሰት የተገኘበት ምስክር እውነቱም አይታመንለትም። ስለዚህ በየቤታችሁ የአባቶች ጠመንጃ ያላችሁ አንባብያን ሆይ፥ በብረቱ ላይ የተጻፈው የፋብሪካ ቍጥር የአባታችሁ ታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ ከአፋቸው የሰሙ ሽማግሎች ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጻፉ።