ሲሚንቶው ሳይፈስ

ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ሕንጻ አለ። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ። ምሰሶው ውስጥ ያለው ፌሮ የኔ ነው፤ ወለሉ ላይ ከፈሰሰው ሲሚንቶም ብዙው የኔ ነው። የኔ ነው ስል በስሜት እንጂ በሕግ አይደለም። በሕግ የኔ መሆኑ ያበቃው ኮንክሪቱ የተሞላ ቀን ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ቀን ነው።

የግንባታ ዕቃ አቅራቢ ነኝ። ኮንትራክተሩን ለዓመታት አውቀዋለሁ፤ ቡና አብረን ጠጥተናል፣ ለቅሶ አብረን ተቀምጠናል። መጀመሪያ በካሽ ይወስድ ነበር። ቀጥሎ የ15 ቀን ዱቤ ሆነ፣ ቀጥሎ የአንድ ወር። በመጨረሻ አምስት ጭነት ፌሮና ሲሚንቶ ወሰደና ስልክ ማንሳት ቀነሰ። ሲያነሳም መልሱ አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ባለቤቱ ሰርተፍኬቴን አልከፈለኝም። እሱ የከፈለኝ ዕለት እከፍልሃለሁ።»

እኔ ግን ዕቃውን ራሴ በዱቤ ነበር ያመጣሁት። የኔ አበዳሪዎች የሱን ባለቤት አይጠብቁም። አይሱዙዬን ሸጬ ከፈልኳቸው።

ስድስት ወር ከጠበቅሁ በኋላ ቂርቆስ ወደሚገኝ የአንድ አንጋፋ ጠበቃ ቢሮ ሄድኩ። «ባለቤቱን ልክሰስ። ሕንጻው እንደሆነ ቆሟል፣ የትም አይሄድም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ከባለቤቱ ጋር ውል አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው በምን ውል ትከሰዋለህ? ውል የሚያስረው የተዋዋሉትን ነው። ኮንትራክተሩም ቢሆን ‹አልተከፈለኝም› የሚለው ነገር ውላችሁ ውስጥ ካልተጻፈ ላንተ መልስ አይሆንም። ተበዳሪህ እሱ ነው።»

ቀጥለው የዕቃ መረከቢያዎቹን አገላበጡ። አምስት ናቸው። ሁለቱ ላይ የሳይቱ መሐንዲስ ፈርሟል፤ ሦስቱ ላይ የፈረመው ጥበቃው ነው። መኪናው የገባው ማታ ስለነበር ያገኘነው እሱን ነበር። ጠበቃው መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥበቃው ዕቃ ሲገባ ማየቱን ሊመሰክርልህ ይችላል። ድርጅቱን ወክሎ ዕዳ መፈረም ግን ሥራው አይደለም» አሉኝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ማን እንደጻፈው ማየትም ግድ እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉን ራሴ ማንበብ ጀመርኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት ሸጦ ዋጋው ላልተከፈለው ሰው በሸጠው ቤት ላይ በሕግ የመያዣ መብት ይሰጠዋል (ቁጥር 3042)። የጋራ ንብረት ለተካፈሉ ሰዎችም እንዲሁ (ቁጥር 3043)። ቤቱ የተሠራበትን ፌሮ የሸጠ ሰው ግን እነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የለም። ዋጋው እስኪከፈል ዕቃው የኔ ነው ብዬ ብዋዋል እንኳ፣ ፌሮው ኮንክሪት ውስጥ ከገባ የሕንጻው አካል ሆኗል። ሕንጻ አፍርሶ ፌሮ የሚያወጣ ፍርድ ቤት የለም።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር ቀድሞ አይቶታል። አሜሪካኖች ዋሽንግተንን መገንባት ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1791 የሜሪላንድ ግዛት ገንቢና ዕቃ አቅራቢ በሕንጻው ላይ መብት የሚያገኙበትን ሕግ አወጣች። እንግሊዞች ደግሞ በ1996 «ሲከፈለኝ እከፍላለሁ» የሚለውን የውል ቃል ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ዋጋ እንዳይኖረው አድርገዋል።

የኛን የግንባታ ውሎች ግን ተመልከቱ። የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና፣ ከየክፍያው ተቆርጦ የሚያዝ ሪቴንሽን፤ ሁሉም የሚጠብቁት አሠሪውን ነው። ገንዘቡ ከላይ ወደታች ይወርዳል፣ ዋስትናው ከታች ወደላይ ይወጣል። ታች ያለው አቅራቢ እጁ ላይ የሚቀረው መረከቢያ ወረቀት ብቻ ነው።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አይደለም። ሕጉ በር አልዘጋም። የሚከፈተው ግን ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ ነው።

አንደኛ፣ ዋስ ጠይቁ፤ የባንክ ከሆነ እሰየው። የግለሰብ ዋስ ከሆነ ግዴታው በግልጽ ይነገር፣ ዋስ የሆነበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በቁጥር 1922 መሠረት ዋስትናው አይጸናም።

ሁለተኛ፣ ኮንትራክተሩ ከባለቤቱ የሚያገኘውን ክፍያ በዕዳችሁ ልክ በጽሑፍ ያስተላልፍላችሁ፤ ለባለቤቱም ወዲያው አስታውቁት። ያኔ «ባለቤቱ ሲከፍለኝ» የሚለው ምክንያት መፍትሔ ይሆናል፤ ባለቤቱ ሲከፍል ለናንተ ይከፍላላ! በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ተሰብሳቢ ሒሳብንና በመጋዘን ያለ ዕቃን በዋስትና ይዞ ማስመዝገብ አስችሏል።

ሦስተኛ፣ ቤት ወይም ሕንጻ በመያዣ የሚሰጥ ከተገኘ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ንብረቱ ባለበት ቦታ መዝገብ ላይም ይግባ። ያልተመዘገበ መያዣ ውጤት የለውም (ቁጥር 3052)።

ነገሩ ካለፈ በኋላስ? ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ የሚቆጠረውም ከማስጠንቀቂያው ወዲህ ነው። የዕዳው ልክ በውል የታወቀ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 284 በተፋጠነ ሥርዓት መክሰስ ይቻላል። ተከሳሹ ፍርዱን ለማምለጥ ንብረቱን ሊያሸሽ መሆኑን ካሳያችሁ፣ በቁጥር 151 ከፍርድ በፊት ማስከበር አለ።

«ቼክ ይዣለሁ» ብላችሁ ግን አትተኙ። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ወንጀል ነው። ሰውየው መታሰሩ ብቻውን ግን ገንዘቡን ኪሳችሁ አይከተውም።

የኔ ነገር በሽምግልና አለቀ። መሐንዲሱ የፈረመባቸው ሁለቱ ጭነቶች ሙሉ ተከፈሉኝ። ጥበቃው ከፈረመባቸው ሦስቱ ግማሹን ተቀበልኩ። በተቀበልኩት ገንዘብ ያንኑ ያህል ፌሮ ልግዛ ብል አይገዛም፤ ብሩ ያው ነው፣ ዋጋው ግን ሄዷል። ኮንትራክተሩን እንደ ሌባ አላየውም። እሱም ካልከፈለው ባለቤት ጋር ሲሟገት ከርሟል። ሁለታችንም የገነባነው ያለ ዋስትና ነበር።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለ ተቋም ነው፤ «ካዛ» ቤት ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ብዙው ሰፈር ፈርሶ አሁን እንደገና እየተገነባ ነው። ሚክሰሩ ሌሊትም ይዞራል። በእያንዳንዱ ሚክሰር ውስጥ የአንድ ሰው ዱቤ አለ።

ሕግ አውጪዎቻችን ቤት ሻጩ ያገኘውን መብት ለአቅራቢና ለአነስተኛ ኮንትራክተርም ይስጡ እላለሁ። እስከዚያው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ እኔ ዛሬ መኪናው ሳይጫን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ማን ነው የሚፈርመው? እሱ ባይከፍል ማን ይከፍላል? መልስ ከሌለ መኪናው አይወጣም። ደንበኞች ተቀይመውኛል። ወዳጅነቱ እውነተኛ የሆነው ግን ፈርሞ ይወስዳል።

እናንተስ እንዴት ነው የምትሸጡት? ቸር ያሰንብተን።